ከቆጣሪው በፊት ሕጉ

የኤሌክትሪክ ኃይል ከሌላው ሸቀጥ ሁሉ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጠባይ አለው። እህል በጎተራ ይከማቻል፤ ውሃ በጋን ይቀመጣል፤ ነዳጅ በበርሜል ተሞልቶ ወራት ይቆያል። ኤሌክትሪክ ግን በባትሪና በመሳሰለው ዘዴ ከሚጠራቀመው ጥቂት ክፍል በቀር፣ በተመረተበት ቅጽበት ሥራ ላይ መዋል አለበት። በአንድ ከተማ ውስጥ አንዲት እመቤት እንጀራ ልትጋግር የኤሌክትሪክ ምጣዷን ስታበራ፣ በሩቅ አገር የሚገኘው የግድብ ተርባይን የዚያኑ ያህል ጉልበት በዚያው ቅጽበት መጨመር ይኖርበታል። ምርቱ ከፍላጎቱ ካነሰ የመረቡ ሚዛን ይናጋል፤ ሚዛኑ ሲናጋም አደጋን ለመከላከል የተተከሉት ማቋረጫዎች መስመሮችን ተራ በተራ እየለዩ ያጠፋሉ፤ ጨለማውም ከሠፈር ወደ ሠፈር ይዛመታል።

ይህ ነገር በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 በሰሜን አሜሪካ የደረሰው ጨለማ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያን ዕለት ከቀትር በኋላ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ከፍተኛ ኃይል የተሸከሙ መስመሮች በሙቀት ረግበው ካልተገረዙ ዛፎች ጋር ተነካኩና ተቋረጡ። አደጋውን ማስታወቅ የነበረበት የኮምፒዩተር ደወል አስቀድሞ ተበላሽቶ ስለ ነበር፣ በመቆጣጠሪያው ክፍል የተቀመጡት ሠራተኞች የሆነውን ነገር በጊዜው ሊያውቁ አልቻሉም። ከዚህ የተነሣ በስምንት የአሜሪካ ክፍለ ሀገሮችና በካናዳዋ ኦንታሪዮ የሚኖር 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት አጣ። በጊዜው የመስመሮችን ደኅንነት የሚመለከቱት ደንቦች በኩባንያዎች በጎ ፈቃድ ብቻ የሚጠበቁ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ እነዚህን ደንቦች በቅጣት የሚያስከብሩ ግዴታዎች አደረጋቸው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ሕጉ የመጣው ከጨለማው በኋላ ነው።

ከእነዚህና ከመሰል ችግሮች በመነሣት መሐንዲሶች አንድ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ይኸውም መስመሩ ኃይልን ብቻ ሳይሆን ወሬንም ጭምር እንዲያመላልስ ማድረግ ነው። በየማከፋፈያ ጣቢያውና በየትራንስፎርመሩ መለኪያ ይተከላል፤ በየቤቱም ስማርት ቆጣሪ የሚባለው መሣሪያ ይገባል። ቆጣሪው ቤቱ የፈጀውን ኃይል በየሩብ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ እየመዘገበ ለድርጅቱ ያስተላልፋል፤ ከድርጅቱም ትእዛዝ ይቀበላል። ይህ እርስ በርሱ የሚነጋገር የኤሌክትሪክ መረብ በጠቅላላው ስማርት ግሪድ ይባላል።

የመሣሪያው ጥቅም የሚካድ አይደለም። መስመር በተቋረጠ ጊዜ ድርጅቱ ደንበኛው ስልክ እስኪደውልለት ሳይጠብቅ ብልሽቱ የት እንደ ሆነ ያውቃል። ቆጣሪ አንባቢው በየደጁ እየዞረ ማንኳኳቱ ይቀራል። ከመስመር ላይ የሚሰረቀውን ኃይል ለይቶ ለማወቅ ይቻላል። ከሁሉም በላይ ፀሐይና ነፋስ የመሳሰሉት፣ እንደ ልብ የማይታዘዙ የኃይል ምንጮች በመረቡ ውስጥ ሲገቡ የምርቱንና የፍላጎቱን ሚዛን ለመጠበቅ ያግዛል። የኢጣሊያው ትልቁ የኤሌክትሪክ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት 30 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ቆጣሪዎችን በደንበኞቹ ቤት መትከሉ ከዚሁ ጥቅም የተነሣ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ ወጪና ጥቅሙ ተመዝኖ አዋጪ ሆኖ በተገኘበት አገር ሁሉ ከመቶ 80 እጅ የሚሆነው ደንበኛ እስከ 2020 ድረስ ስማርት ቆጣሪ እንዲኖረው አዘዘ።

ይሁን እንጂ መሣሪያ መልካም መሆኑ ብቻውን አሠራሩን መልካም አያደርገውም። ቢላዋ በወጥ ቤት ሽንኩርት ይከትፋል፤ በሌላ እጅ ገብቶ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ አንድ መንግሥት ስማርት ቆጣሪ ወደ ሕዝቡ ቤት ከማስገባቱ በፊት መልስ ሊሰጥባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ቆጣሪው የሚሰበስበው ወሬ የማን ንብረት ነው? መብራቱን ከሩቅ ለማጥፋት ሥልጣን ያለው ማን ነው? ወጪውንስ የሚሸከመው ማን ነው? መረቡ በጠላት እጅ ቢወድቅ ምን ይደረጋል? እነዚህ ጥያቄዎች የመሐንዲስ ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም፤ የሕግና የፍትሕ ጥያቄዎች ናቸው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ በግልጽ ያነሣው የሆላንድ ሕዝብ ነው። የሆላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረበው የሕግ ረቂቅ ስማርት ቆጣሪን በእያንዳንዱ ቤት ግዴታ የሚያደርግ ነበር። ቆጣሪውን አልቀበልም ያለ ሰው እስከ 17 ሺህ ዩሮ በሚደርስ መቀጮ ወይም እስከ ስድስት ወር በሚደርስ እሥራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ረቂቁን ተቀበለው። የሸማቾች ማኅበር ግን ነገሩን በዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አስመረመረ። ሊቃውንቱም በየሩብ ሰዓቱ የሚወሰድ ንባብ የቤተሰብን የግል ኑሮ የሚገልጥ ስለ ሆነ፣ ረቂቁ በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 8 ላይ ከሠፈረው የግልና የቤተሰብ ሕይወት መብት ጋር እንደሚጋጭ አስረዱ። በዚህም ምክንያት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ረቂቁን ሳያጸድቀው ቀረ።

የሊቃውንቱ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። በየሩብ ሰዓቱ የሚነበብ ቆጣሪ በቀን 96 ጊዜ፣ በዓመት ከ35 ሺህ ጊዜ በላይ ይመዘግባል ማለት ነው። ይህን መዝገብ የያዘ ሰው ቤተሰቡ በስንት ሰዓት እንደሚተኛና እንደሚነቃ፣ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ቀን፣ ሌሊት የሚሠራና የሚታመም ሰው መኖር አለመኖሩን ሊገምት ይችላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚደርስ ኃይል ስለሚስብ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቀንና ሰዓት እንኳ በመዝገቡ ላይ እንደ ተራራ ጎልቶ ይታያል። በአበሻ ልማድ የቤት ገመና የተከበረ ነው፤ ጎረቤት እንኳ ደጅ ሳይመታና «ቤቶች!» ሳይል አይገባም። ቆጣሪ ግን አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ደጅ አይመታም። እንግዲህ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ የሚያደርገውን ማን እንደሚያውቅበት የሚወስን ሕግ ማስፈለጉ አያጠራጥርም።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሆላንድ ነገር በእንቢታ አለመፈጸሙ ነው። መንግሥቱ ረቂቁን አሻሻለው። ቅጣቱ ተሠረዘ፤ ነዋሪው ቆጣሪውን ላለመቀበል፣ ወይም ተቀብሎ ወሬ እንዳያስተላልፍ ለማድረግ መብት ተሰጠው። ድርጅቱም ለሒሳብ አሠራርና ለመረቡ ደኅንነት ከሚያስፈልገው በላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወስድ ተደነገገ። የተሻሻለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2011 ጸደቀ፤ በመላ አገሪቱ ቆጣሪውን የማዳረሱ ሥራ በ2015 ተጀመረ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም አብዛኛው ቤተሰብ ማንም ሳያስገድደው ተቀበለው። በእሥራት ማስፈራሪያ ያልተገኘው ነገር እምነት ሲገኝ ተገኘ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሕዝብ መሣሪያን የሚጠላው አዲስ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ መብቱን የሚጠብቅለት ሕግ ሲያጣ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የወጪ ነው። የኦንታሪዮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 ቆጣሪውን በየቤቱ ለማስገባት ወሰነ። ሐሳቡ የኤሌክትሪክ ዋጋን በሰዓት እየለያዩ ሕዝቡ ኃይል በሚወደድበት ጊዜ ፍጆታውን እንዲቀንስ ለማድረግ ነበር። ነገር ግን የመንግሥቱ ዋና ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጠው፣ ውሳኔው ከመተላለፉ በፊት የወጪና የጥቅም ጥናት አልተደረገም። ወጪው ወደ 2 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ሲጠጋ፣ ፍጆታውን ለመቀነስ የታቀደው ግብ ግን አልተመታም። ሒሳቡንም በመጨረሻ የከፈለው ኃይል ተጠቃሚው ሕዝብ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ዋጋን በሰዓት መለያየትም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተያዘ አድልዎን ያስከትላል። ባለጸጋው ልብስ ማጠቢያውን በእኩለ ሌሊት የሚያስነሣ መሣሪያ ሊገዛ ይችላል። ከሥራ ደክማ ማምሻውን የምትገባ እናት ግን የልጆቿን እራት ወደ ሌሊት ልታስተላልፍ አትችልም። ሁለቱን በአንድ ዓይነት የሰዓት ዋጋ መቅጣት እኩልነት ቢመስልም ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ የዋጋ ደንብ ሲወጣ ለኑሮ የግድ የሚያስፈልገው ኃይል በማናቸውም ሰዓት በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኝበት መንገድ አብሮ መታሰብ አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ መብራትን ከሩቅ የማጥፋት ሥልጣን ነው። በቀድሞው አሠራር የአንድን ሰው መብራት ለመቁረጥ ሠራተኛ ከደጁ መሄድ ነበረበት። ሠራተኛው ከደጅ ሲደርስ ሕፃን ወይም በሽተኛ መኖሩን በዓይኑ ያያል፤ ይለመናል፤ አንዳንድ ጊዜም ያዝናል። ከሩቅ የሚታዘዝ ቆጣሪ ግን ዓይንም ጆሮም የለውም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 መካከል በነበረው ክረምት የኃይል ዋጋ እጅግ በናረ ጊዜ፣ ዕዳ ያለባቸው ቤተሰቦች ያለ ፈቃዳቸው ወደ ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ይዛወሩ ነበር። በስማርት ቆጣሪ የሚጠቀሙት ደግሞ ማንም ከቤታቸው ሳይደርስ ከሩቅ በሚሰጥ ትእዛዝ ይለወጡ ነበር። ገንዘብ ያልሞላ ሰው በብርድ ይቀመጣል ማለት ነው። ነገሩ የሕዝብ ቁጣ ስላስነሣ የኃይል ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በየካቲት 2023 ማስገደዱ እንዲቆም አደረገ፤ በዚያው ዓመትም በዕድሜ የገፉ ሰዎችና ጨቅላ ሕፃናት ያሉባቸውን ቤቶች ከዚህ ግዴታ የሚጠብቅ ደንብ አወጣ። ደንቡ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ክረምት በብርድ ለተቀመጡት የመጣው ዘግይቶ ነው።

አራተኛው ጥያቄ የአገር ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 በዩክሬን የሚገኙ ሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ድርጅቶች በኮምፒዩተር መስመር በገቡ ሰርጎ ገቦች ተጠቁ። ሰርጎ ገቦቹ የመቆጣጠሪያውን ኮምፒዩተሮች ከሩቅ እያዘዙ ማከፋፈያ ጣቢያዎችን ስላጠፉ፣ 225 ሺህ ያህል ደንበኞች ለሰዓታት ያለ መብራት ቆዩ። ኃይሉ የተመለሰው ሠራተኞች በየጣቢያው ሄደው ማብሪያዎቹን በእጃቸው በማንቀሳቀሳቸው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ መረቡ በወሬ የተሳሰረ በሆነ መጠን ጠላት የሚገባበት በርም ይበዛል። ሁለተኛ፣ የሰው እጅና የሰው ዕውቀት ከሥራው ጨርሶ ቢወጣ ኖሮ ጨለማው የበለጠ በረዘመ ነበር። ስለሆነም ድርጅቶች መሣሪያቸውን አስመርምረው እንዲገዙ፣ ጥቃት ሲደርስባቸው ሳይደብቁ እንዲያስታውቁና በእጅ የመሥራት ችሎታ ያላቸውን ሠራተኞች እንዲያቆዩ በሕግ መገደድ አለባቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከጥንት ይልቅ ለዛሬ የተነገረ ይመስላል።

ለዚህ ሁሉ ተቃራኒ ሐሳብ የሚያቀርቡ አሉ። ሕግ ሥራን ያጓትታል፤ ፈጣን የሆነውን ሳይንስ ዘገምተኛ በሆነው ቢሮክራሲ ማሰር ልማትን መጉዳት ነው ይላሉ። አባባላቸው ጭራሽ እውነት የለውም ለማለት አይቻልም። ለምሳሌ የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ያስጠናው ጥናት ቆጣሪውን ለአነስተኛ ተጠቃሚዎች ሁሉ ማዳረስ እንደማያዋጣ ስላሳየ፣ በ2016 የወጣው ሕግ ግዴታውን በመሠረቱ በዓመት ከ6,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ በሚፈጁት ላይ አደረገ። መሣሪያዎቹም በመንግሥት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ተመርምረው እስኪያልፉ ዓመታት ፈጁ። በዚህም የተነሣ ጀርመን ከብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ወደ ኋላ ቀርታ፣ በ2023 ሥራውን የሚያፋጥን ሌላ ሕግ ለማውጣት ተገደደች። እንግዲህ ጥንቃቄም ልክ ሲያጣ ዋጋ ያስከፍላል።

ነገር ግን የጀርመን መዘግየት የሚያስተምረው ሕግ አያስፈልግም ብሎ አይደለም፤ ሕጉ አጭር፣ ግልጽና በጊዜ የሚሻሻል ይሁን ብሎ ነው። የሆላንድን ሕግ ለማስተካከል የፈጀው ሁለት ዓመት ያህል ነበር። ይህ ጊዜ በኦንታሪዮ ከባከነው ገንዘብና በእንግሊዝ ከጠፋው እምነት ጋር ሲመዛዘን ብዙ አይባልም። ገበሬ ማረሻውን ለመሞረድ የሚያጠፋው ጊዜ ከእርሻው ቀን ላይ የተሰረቀ አይደለም፤ እርሻውን የሚያቀናለት ነው እንጂ።

ይህ ነገር የኢትዮጵያንም ሕዝብ በቅርብ የሚነካ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህን ያህል ኃይል ከሚመነጭበት ቦታ እስከ መጨረሻዋ ጎጆ በሥርዓት ለማድረስ፣ የሚቋረጥበትን ለይቶ ለመጠገን፣ ለጎረቤት አገሮችም ለመሸጥ የመረቡ መዘመን የግድ ነው። የካርድ ቆጣሪም ለብዙ ከተማ ነዋሪ እንግዳ አይደለም፤ ካርዱ ሲያልቅ ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ሳይበስል እንደሚቀር የሚያውቅ ብዙ ነው። ከካርድ ቆጣሪ እስከ ስማርት ቆጣሪ ያለው ርቀት ደግሞ አጭር ነው።

መልካሙ ነገር መሠረቱ ባዶ አለመሆኑ ነው። የኃይል ዘርፉን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ኃይል የማመንጨቱና ለደንበኛ የማከፋፈሉ ሥራ ለሁለት ድርጅቶች ተከፍሏል። የሰውን የግል መረጃ የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የቀረው እነዚህን ሦስቱን በአንድ ክር ማያያዝ ነው፤ ይኸውም የግል መረጃው አዋጅ በቆጣሪው ላይ እንዴት እንደሚሠራ፣ ተቆጣጣሪውም ምን መከልከልና ምን ማዘዝ እንደሚችል በዝርዝር ደንብ መግለጥ ነው።

ያም ደንብ ቢያንስ አምስት ነገሮችን መያዝ ይኖርበታል። ቆጣሪው የሚመዘግበው የቤቱ ባለቤት ንብረት መሆኑን፤ ከሒሳብና ከመረቡ ደኅንነት ውጭ ያለ ፈቃዱ ለማንም እንደማይሰጥ፤ መብራት ከሩቅ ከመጥፋቱ በፊት ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥና በሽተኛ ወይም ሕፃን ያለበት ቤት እንደሚጠበቅ፤ ወጪው ከጥቅሙ ጋር ተመዝኖ ውጤቱ ለሕዝብ እንደሚገለጥ፤ በመጨረሻም ሒሳቡ አላግባብ ነው የሚል ደንበኛ አቤት የሚልበትና ከድርጅቱ ነጻ የሆነ ዳኛ እንደሚኖር መደንገግ አለበት። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ያላነሰ ነው። ቆጣሪው ተናጋሪ በሆነበት ዘመን ደንበኛው ዲዳ ሆኖ እንዲቀር አይገባምና።

ቆጣሪ ከተተከለ በኋላ የሚወጣ ሕግ አስቀድሞ የፈሰሰውን ውሃ ለማፈስ እንደሚደረግ ሙከራ ነው፤ የወጣ የቤት ገመና ተመልሶ አይሸሸግም፤ የተከፈለ ሒሳብም በቀላሉ አይመለስም። የኤሌክትሪክ መረብ ሰው በጨለማ እንዳይቀመጥ የተዘረጋ ነው። ብርሃኑ በገባበት ቤት ነዋሪው ጌታ ሆኖ እንዲቀጥል ማድረግ ግን የመሐንዲሱ ሥራ ሳይሆን የሕጉ ሥራ ነው። ስለዚህ ስማርት ቆጣሪ ይምጣ፤ ነገር ግን ሕጉ ቀድሞት በር ላይ ይቁም።